ከጡረታ በኋላ በውጭ አገር መኖር፦ የወጪ ሰንጠረዡ የማያሳየው ምንድን ነው?

ባለሻንጣው፦

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

እኔ 63፣ ባለቤቴ ደግሞ 58 ዓመታችን ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ጡረታ ስወጣ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራሁበት አገር ወጥተን አየሩ ለባለቤቴ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚስማማ፣ ኑሮውም ከጡረታ አበላችን ጋር የሚመጣጠን ሌላ አገር ለመቀመጥ እያሰብን ነው። ሐሳቡ የአንድ ቀን ስሜት የወለደው አይደለም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የዕረፍት ጊዜያችንን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል፤ ብዙ አገሮችን ካየን በኋላም ፖርቱጋል፣ ፓናማና ታይላንድ ቀርተውልናል።

የሦስቱንም የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርት አጥንቻለሁ። ፓናማ ለጡረተኞች በምትሰጠው ፈቃድ ዕድሜ ልክ የሚከፈልና በወር ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር የማያንስ ጡረታ፣ ለትዳር ጓደኛም ተጨማሪ 250 ዶላር ትጠይቃለች። ታይላንድ ዕድሜው 50 የሞላ ሰው 800,000 ባት በባንክ እንዲያስቀምጥ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ እንዳለው እንዲያሳይ ትፈልጋለች። ፖርቱጋል ደግሞ ጡረታን ጨምሮ ሳይሠሩ የሚያገኙት ገቢ ቢያንስ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲያክል፣ ለትዳር ጓደኛም የዚያ ግማሽ እንዲጨመር ታዝዛለች። በሦስቱም በኩል መስፈርቱን እናሟላለን።

ከዚያም የአምስት ዓመት የወጪ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ መጓጓዣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልጆቻችንን ለማየት የምንከፍለው የአውሮፕላን ትኬት፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ሁሉም ገብቶበታል፤ በየዓመቱም ትርፍ ያሳያል። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ትርፍ ነው። በሥራ ዘመኔ አንድ ሰንጠረዥ ይህን ያህል ሲያምር ካየሁ፣ ሳይጻፍ የቀረ ነገር አለ ማለት ነበር።

ስለዚህ በተግባር የኖራችሁበትን ሰዎች የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ሰንጠረዤ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው? ደግሞስ አሁን የምንኖርበትን የራሳችንን ቤት ሸጠን ብንሄድ ይሻላል ወይስ አከራይተነው? ባለቤቴ የራሷ ጡረታ የላትም፤ ይህም ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


ነባር ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ በደንብ የታሰበበት ስለሆነ እኔም በዚያው ልክ ለመመለስ እሞክራለሁ። ከባለቤቴ ጋር በስፔን ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ መኖር ከጀመርን 12 ዓመት ሞላን፤ አሁን 76 ዓመቴ ነው። የጎደለውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ «የአምስት ዓመት» ያሉት ቃል ራሱ ነው። ከ63 እስከ 68 ያለው ዘመን የትም ቢኖሩበት ደግ ዘመን ነው። ሰንጠረዡን እስከ 88 ዓመትዎ ይሳቡትና መኪና መንዳት የሚያቆሙበትን ዓመት፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅትዎትን ዓመት፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ወድቃችሁ ሌላው ማንሳት የማይችልበትን ዓመት ይጻፉበት። አገር መመረጥ ያለበት ለእነዚያ ዓመታት ነው፤ እኛ ግን የመረጥነው ለመጀመሪያዎቹ ነበር።

ቤታችንን የወደድነው ባሕሩ ስለሚታይበት ነበር፤ ባሕሩ የሚታየው ደግሞ ቤቱ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ነው። ከመንገዱ እስከ በሩ 43 ደረጃ አለው። በ64 ዓመቴ የደረጃዎቹን ቁጥር አላውቀውም ነበር።

አሁን «የጤና መድን» ብለው የጻፉትን መስመር እንደገና ይመልከቱት። የግል መድን አረቦን ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይጨምራል፤ ብዙ ኩባንያዎችም ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሆነን ሰው በአዲስ ደንበኝነት አይቀበሉም። ውል ከመፈረሙ በፊት የነበረን ሕመም ከሽፋኑ ማስወጣት ደግሞ የተለመደ አሠራር ስለሆነ፣ ባለቤትዎ አለባቸው ያሉት የመገጣጠሚያ ሕመም በውሉ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሳያዩ አይፈርሙ። እኔ ይህን የተማርኩት በአራተኛው ዓመት የልብ ቀዶ ሕክምና ባስፈለገኝ ጊዜ ነው። ከዓመታት በፊት ለአጭር ጊዜ የደም ግፊት ክኒን ወስጄ ነበር፤ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ሳልጠቅሰው ቀርቻለሁ። ስሙን የማልጠራው መድን ሰጪ ይህንን ምክንያት አድርጎ ለመክፈል ፈቃደኛ ባለመሆኑ ወጪው በሙሉ ከቁጠባችን ወጣ። ለአሥር ዓመት ያሰብነው የክፉ ቀን ገንዘብ በሦስት ሳምንት አለቀ።

ከዚያ በኋላ የስፔን መንግሥት የሕዝብ የጤና አገልግሎት ሥርዓት ውስጥ በልዩ ስምምነት ገባን። አንድ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት በነዋሪነት ተመዝግቦ ከቆየ በኋላ፣ ከ65 ዓመት በታች ከሆነ በወር 60 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 157 ዩሮ እየከፈለ መታከም ይችላል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምም አይከለክለውም። መድኃኒት ግን በድጎማ ዋጋ አያገኝም። ጡረታው ከአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ለሚከፈለው ሰው ነገሩ ከዚህም ይቀላል፤ ኤስ 1 የሚባለውን ቅጽ ጡረታውን ከሚከፍለው አገር አውጥቶ በሚኖርበት አባል አገር ካስመዘገበ እንደ አገሬው ሰው ይታከማል፣ ወጪውንም ጡረታ ከፋዩ አገር ይሸፍናል። ለጉዞ የሚሰጠው የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ለዚህ አያገለግልም፤ እርሱ ለጊዜያዊ ቆይታ ብቻ የተዘጋጀ ነው። አሜሪካዊ ጡረተኛ ከሆኑ ደግሞ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአዛውንት ጤና መድን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገሪቱ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና እንደማይከፍል ከወዲሁ ይወቁት። የእርስዎ ጡረታ ከየት እንደሚመጣ ስላልገለጹ ሁሉንም ጠቀስኩት።

የቋንቋውንም ነገር ልንገርዎ። ስፓኒሽ ለመግባባት አልቸገርም፤ ከጎረቤት ጋር ስለ ፖለቲካ እስከ መከራከር ደርሻለሁ። ነገር ግን የልብ ሐኪሟ «ሕመሙ የሚወጋ ነው፣ የሚጨመድድ ነው ወይስ የሚያቃጥል?» ብላ ስትጠይቀኝ አልጋ ላይ ተኝቼ መልስ አጣሁ። ከገበያ የሚለቀመው ቋንቋ እዚያ አያደርስም። እንዲያውም ሰው ሲያረጅና አእምሮው ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው በኋላ የተማረው ቋንቋ መሆኑን በዙሪያዬ ካሉ የውጭ አገር አዛውንት በዓይኔ አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ጉዟችሁ የባሕሩን ዳርቻ ተዉትና ሆስፒታሉን እዩ። ልብና ስትሮክ የሚያክም ክፍል ያለው የቅርብ ሆስፒታል በመኪና ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቤት ለቤት የሚመጣ አስታማሚ ይገኛል ወይስ ሥራው ሁሉ በቤተሰብ ላይ ነው የሚጣለው? ደግሞም የምትሄዱት በዕረፍት ወራት ሳይሆን አየሩ በሚከፋበት ጊዜ ይሁን።


ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦

ስለ ጤና ከላይ የተባለውን አልደግመውም። እኔ ሠላሳ ዓመት በግብርና በሒሳብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ስለ ገንዘቡ ብቻ እናገራለሁ።

ጠያቂው የመኖሪያ ፈቃዱን መስፈርት በጥንቃቄ አጥንተዋል፤ የግብር ነዋሪነት ግን ከመኖሪያ ፈቃድ የተለየ ነገር ነው። በብዙ አገሮች ሕግ በዓመት ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠ ሰው የዚያ አገር ግብር ከፋይ ይሆናል፤ በታይላንድ ወሰኑ 180 ቀን ነው። ጡረታዎን ማን ግብር እንደሚያስከፍልበት የሚወስነው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የድርብ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ስምምነቶች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ያወጣውን ናሙና ይከተላሉ። በናሙናው አንቀጽ 18 መሠረት ከግል ሥራ የተገኘ ጡረታ ግብር የሚከፈልበት ሰውየው በሚኖርበት አገር ነው፤ አንቀጽ 19 ግን የመንግሥት ሠራተኛ በነበረ ሰው ጡረታ ላይ ግብር የመጣሉን መብት በመሠረቱ ለከፋዩ መንግሥት ይተወዋል። አንድ አስተማሪና አንድ ነጋዴ ጎን ለጎን እየኖሩ፣ እኩል ጡረታ እየተቀበሉ፣ የሚከፍሉት ግብር የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ዜጋ ደግሞ የትም ቢኖር ለአገሩ የገቢ ግብር ማስታወቅ አለበት፤ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ያንንም ለብቻው ያሳውቃል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሕጉ እንደዛሬው ይቆያል ብሎ መገመት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፖርቱጋል በ2009 ከውጭ ለሚመጡ አዲስ ነዋሪዎች ልዩ የግብር ሥርዓት ስታወጣ ከውጭ የሚመጣ ጡረታ ብዙውን ጊዜ ከግብር ነፃ ነበር። ፊንላንድ በዚህ ተቆጥታ የግብር ስምምነቷን በማፍረሷ ከ2019 ጀምሮ በሁለቱ መካከል ስምምነት የለም፤ ስዊድንም ከ2022 ጀምሮ እንዲሁ አደረገች። ፖርቱጋል በ2020 በአዲስ ተመዝጋቢዎች ጡረታ ላይ 10 በመቶ ግብር ጣለች፤ በ2024 ደግሞ ሥርዓቱን ለአዲስ ጡረተኞች ዘጋችው። ዛሬ የሚሄድ ሰው እንደማንኛውም ነዋሪ ነው የሚከፍለው። ማሌዢያ በ2021 የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ፈቃዷን ስታሻሽል በወር ይጠየቅ የነበረውን 10,000 ሪንጊት የውጭ ገቢ በአንድ ጊዜ ወደ 40,000 አሳደገችው። ታይላንድም ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ነዋሪው ከውጭ ወደ አገር በሚያስገባው ገቢ ላይ ግብር የምትጠይቅበትን አተረጓጎም አጥብቃለች፤ ቀድሞ ገቢውን በሚቀጥለው ዓመት በማስገባት ማምለጥ ይቻል ነበር። ከዘረዘሯቸው ሦስት አገሮች ከውጭ የሚመጣ ጡረታን ከግብር ነፃ የምታደርገው ፓናማ ናት፤ ግብር የምትጥለው በአገር ውስጥ በተገኘ ገቢ ላይ ብቻ ስለሆነ። ግሪክንም ሳይመለከቱ አይለፉ፤ ከ2020 ጀምሮ የውጭ ጡረተኛ በውጭ ገቢው ላይ ለ15 ዓመት 7 በመቶ ብቻ እንዲከፍል ፈቅዳለች። የ15 ዓመቱ ማብቂያ ስንት ዓመትዎ ላይ እንደሚውል ግን ያስሉት።

የምንዛሪ ተመንም አለ። በ2007 መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ወደ 1.50 ዩሮ ገደማ ያወጣ ነበር፤ በ2008 መጨረሻ ከአንድ ዩሮ ብዙም አልበለጠም። ጡረታቸውን በፓውንድ እየተቀበሉ በዩሮ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ሳንቲም ሳይቀነስባቸው ከገቢያቸው ሲሶ የሚጠጋውን አጡ። ሰንጠረዥዎን ተመኑ በሩብ እንደወደቀ አድርገው እንደገና ይሥሩት፤ ያኔም ትርፍ ካሳየ በእውነት ትርፍ አለዎት።

የዋጋ ንረትም በዚያው ልክ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ጡረታ በአገር ውስጥ በየዓመቱ ሲጨምር፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ወይም ወደ ኒውዚላንድ የሄደ ጡረተኛ ግን መቀበል በጀመረበት ወይም በሄደበት ጊዜ በነበረው መጠን ላይ ይቆማል። ወደ አሜሪካ የሄደ ግን ጭማሪው ይደርሰዋል። ጡረተኞቹ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረው በ2010 ተረትተዋል።

በመጨረሻ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ በሕይወት የመኖር ማረጋገጫ የሚባለውን አይናቁት። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ከፋይ ጡረተኛው በውጭ አገር ከሆነ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቅጽ ይልካል፤ ሞልተው ካልመለሱ ክፍያው ይቆማል። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። አንድ ደንበኛዬ አድራሻ ቀይሮ ደብዳቤው ሳይደርሰው ስለቀረ አራት ወር ሙሉ በወረቀት ላይ ሞቶ ኖረ።


ተመላሹ፦

እኔ ስድስት ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁና ስለ ቤቱ ብቻ እመልሳለሁ። አይሽጡት። እኛ ሸጠን ሄድን፤ ስንመለስ በዚያው ገንዘብ የቤቱን ግማሽ የሚያህል እንኳ መግዛት አልቻልንም። ማከራየት ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጣጣውን ቢችሉት ይሻላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ?

በተረፈ ከላይ ስለ እርጅና የተባለው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የእኛ መመለስ ምክንያት ሕመም አልነበረም። የውጭ አገር ጡረተኞች በሚሰባሰቡበት ሰፈር ነበር የምንኖረው። በመጀመሪያው ዓመት 14 ወዳጆች ነበሩን፤ በስድስተኛው ዓመት አራት ቀሩ፤ ሌሎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ተመልሰዋል። በየዓመቱ አዲስ ሰው ይመጣል፣ እናንተም በየዓመቱ እንደ አዲስ ራሳችሁን ታስተዋውቃላችሁ። ከአገሬው ሰው ጋር የሚኖር ሰው ይህ አይገጥመውም፤ ለዚያ ግን ቋንቋውን ከመሄድ በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

ለአሜሪካ ጡረተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ውጭ ስለምኖር አይጠቅመኝም ብዬ የሜዲኬርን የሐኪም ሕክምና ክፍል ሳልመዘገብ ቀረሁ። ለዘገየ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በወርሃዊው ክፍያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፤ ቅጣቱም ሽፋኑ እስካለ ድረስ አይነሳም። እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።


የወይራ ጥላ፦

ወንድሜ፣ ባለቤቴ የራሷ ጡረታ የላትም ያሉትን በመጨረሻ፣ እንደ ትንሽ ነገር አድርገው ጻፉት። ለእኔ ግን የጥያቄዎ ዋና ክፍል እርሱ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ወደ ግሪክ የመጣነው ከ11 ዓመት በፊት ሲሆን እርሱ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን የቆመው በእርሱ ጡረታ ላይ ነበር፤ እኔ በፈቃዱ ላይ የተጻፍኩት እንደ ጥገኛ ነው። በሞተ በሁለተኛው ወር ፈቃዴን ለማደስ ስቀርብ የራሴን ገቢ እንዳሳይ ተጠየቅሁ። የሟች ባል ጡረታ ለእኔ መተላለፍ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከከፋዩ አገር የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርሰኝ ሰባት ወር ፈጀ። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ገቢ እንዳለኝ የሚያሳይ አንድም ወረቀት አልነበረኝም። የባንክ ሒሳቡም በእርሱ ስም ብቻ ስለነበር ባንኩ የሞቱን ማስረጃ እንዳየ አገደው። በቤቱ ውስጥ የነበረው ጥሬ ገንዘብ ለቀብሩ እንኳ አልበቃም። ለባለቤትዎ በስማቸው ብቻ የተከፈተ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ የሚይዝ ሒሳብ ያድርጉላቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጡረታዎን ከሚከፍልዎ ክፍል ሄደው እርስዎ ቢሞቱ ለባለቤትዎ የሚተላለፈው ድርሻ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሙሉው አይተላለፍም። ያ የተቀነሰው መጠን የመኖሪያ ፈቃዱን መስፈርት ብቻውን ያሟላል ወይ? አዲሱን ሰንጠረዥ ለሁለት ሰው ብቻ ሳይሆን ለእርሳቸው ብቻም ይሥሩት፤ በአምስት ዓመት ስለሚያንሱ ብቻቸውን የሚኖሩበት ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ውክልናም አለ። ባለቤቴ በታመመ ጊዜ ለእኔ የሰጠኝ ውክልና የተጻፈው በቀድሞው አገራችን ሕግ ስለነበር እዚህ አልተቀበሉትም፤ እንደገና በግሪክኛ፣ በዚህ አገር ሰነድ አረጋጋጭ ፊት መጻፍ ነበረበት። እርሱ ሲያርፍ ደግሞ ውክልናው አብሮት አበቃ፤ ይህንን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የልደት ማስረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በተፈረመው የሄግ ስምምነት መሠረት አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ከተለጠፈበት በአባል አገሮች ሁሉ ይሠራል፤ የስምምነቱ አባል ላልሆነ አገር ግን በየኤምባሲው መዞር አለበት። ይህን የሚያደርጉት ከመሄዳችሁ በፊት ሰነዱ በተሰጠበት አገር ሳላችሁ ነው። እኔ ባሌን እንዳገባሁ ለማስመስከር የ40 ዓመት ወረቀት በሁለት አገሮች መካከል ሳመላልስ ኖሬያለሁ።

ኑዛዜ አለኝ ብለው አይተኙ። ፖርቱጋልን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለልጆችና ለትዳር ጓደኛ በሕግ የተጠበቀ ድርሻ ስላለ ሰው ሀብቱን በሙሉ እንደ ፈቀደ ማውረስ አይችልም። ከነሐሴ 2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተፈጻሚነት ባለው የአውሮፓ ኅብረት የውርስ ደንብ መሠረት ውርስ በመደበኛው የሚዳኘው ሟቹ ይኖርበት በነበረው አገር ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው በኑዛዜው የዜግነቱ አገር ሕግ እንዲሠራበት መምረጥ ይችላል። ዴንማርክና አየርላንድ በዚህ ደንብ አልገቡም። ምርጫው ካልተጻፈ ግን እንዳልተመረጠ ይቆጠራል፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ለምን አልተመለስሽም የሚሉኝ አሉ። እዚህ ያለችው ጎረቤቴ በእነዚያ ሰባት ወራት በሬን ሳታንኳኳ የዋለችበት ቀን አልነበረም። ከዚያም በኋላ መሄድ አልቻልኩም።


ባለሻንጣው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተጻፈውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የወይራ ጥላ የጻፉትን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

ሰንጠረዡን ወደ 25 ዓመት አስረዘምኩት። ምንዛሪው በሩብ ሲወድቅ ትርፉ ጠፋ፤ የሚቀረው ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነው። የጡረታ ክፍሉን ጠይቄ ባለቤቴ ልታገኝ የምትችለው 60 በመቶ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ይህ መጠን የፓናማንና የፖርቱጋልን መስፈርት ብቻውን ያሟላል፤ የታይላንድን ግን ከቁጠባ ካልተሞላ በቀር አያሟላም። ስለዚህ ታይላንድን አስወጥተናታል፤ የሚገርመው ግን ሁለታችንም በጣም የወደድናት እርሷን ነበር። ቤቱን አንሸጥም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቤት ተከራይተን በምድር ቤት ለመኖር ተስማምተናል፤ ባለቤቴም ከወዲሁ ፖርቱጋልኛ ጀምራለች።

ለነባር ነዋሪ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። 43 ደረጃ ያለበት ቤት ውስጥ እስከ አሁን መኖርዎን ተረድቻለሁ። የመመለሻው ጊዜ መድረሱን በምን ታውቁታላችሁ?


ነባር ነዋሪ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው። ከልብ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፈን ፈረምንበት። ያን ጊዜ የጻፍነው ሰው ሲደክም ውሳኔውን ከዛሬ ነገ እያለ እንደሚያዘገየው በጎረቤቶቻችን ላይ ስላየን ነው፤ ብዙዎቹ ለመመለስ ሲወስኑ አውሮፕላን የሚያሳፍራቸው ጤና አልነበራቸውም። ጤነኛ ሆነን የወሰንነው፣ ታመን የምንከራከርበት እንዳይሆን ፈለግን።

የጻፍነው እንዲህ ነው፦ ከሁለታችን አንዳችን መኪና መንዳት ስናቆም ወደ ከተማ፣ ሊፍት ወዳለው ቤት እንገባለን፤ አንዳችን የሌላውን እርዳታ ሳያገኝ ልብስ መልበስ ሲያቅተው ወይም ከሁለታችን አንዳችን ስንሞት ደግሞ የቀረው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ልጆቻችን ወዳሉበት ይሄዳል። ለመጓጓዣውና ለመጀመሪያው ዓመት ኪራይ የሚሆነውን ገንዘብ በልጃችን አገር ባንክ፣ በሦስታችን ስም አስቀምጠነዋል፤ ለሌላ ነገር አንነካውም።

እንደ ወይራ ጥላ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው ሦስተኛውን ላይጽፍ ይችላል። የእኛ ሰፈር ተመላሹ እንደገለጹት ዓይነት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ባለፈው መጋቢት ሞላ፤ መኪናውን ሸጥኩት። በሚቀጥለው ወር በከተማው መሃል፣ ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ የምትርቅ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ እንገባለን። ባሕር አይታይባትም።